የሚዘገዩ ባለብዙ ደረጃ ሪፖርቶችን በሌሊት ቅጂና በማጣሪያ ማፋጠን

በጎጃም የመኸር ሰብል ተወቅቶ ወደ ገበያ በሚወጣባቸው ወራት፣ እህል ከአባላት በሚረከቡ መሠረታዊ ማኅበራትና ዩኒየኖች ቢሮ ውስጥ በየጠዋቱ «እስከ ትናንት ድረስ ከየትኛው ወረዳ ስንት ኩንታል ገባ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱን ከዳታቤዝ የሚያወጣው ሪፖርት ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ሪፖርቱ መጀመሪያ የዞኖችን ድምር ብቻ ያሳያል፤ ከዞኑ ስም ጎን ያለችው የመደመር ምልክት ስትነካ ወረዳዎቹ፣ ወረዳው ሲነካ ማኅበራቱ፣ ማኅበሩ ሲነካ ደግሞ እያንዳንዱ የርክክብ ደረሰኝ ይዘረጋል። ባለሙያዎች ድሪል ዳውን የሚሉት ዓይነት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሁለት መስመር ለማየት ብለው ከፍተውት ባዶውን ገጽ እያዩ ደቂቃ ይቆጥራሉ፤ የመረጃ ባለሙያው ደግሞ ሰርቨሩ አነሰ፣ ኔትወርኩ ደከመ እያለ ምክንያት ይፈልጋል።

ደብረ ማርቆስ ሆኜ እንዲህ ያሉ ሪፖርቶችን በመሥራትና በመጠገን ካሳለፍኩት ጊዜ የተረዳሁት፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሰርቨሩም የኔትወርኩም አለመሆኑን ነው። ሪፖርቱ የሚዘገየው ማንም ያልጠየቀውን ዝርዝር ሁሉ አስቀድሞ ስለሚያወጣ ነው። ስለዚህ ላይኛው ድምር ሌሊት ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ ታችኛው ዝርዝር ደግሞ ሰው ሲጠይቅ ብቻ፣ በጠየቀው ልክ ይውጣ። ከዚህ በታች የማስረዳው በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨርና እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የሪፖርት ማዘጋጃው፣ በሪፖርቲንግ ሰርቪስስ ነው፤ በሌላ ዳታቤዝ ለሚሠሩም ወደ መጨረሻው ጥቂት ቃል ጨምሬአለሁ።

መጀመሪያ መዘግየቱ ከየት እንደሆነ ይለኩ

ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት የሪፖርት ሰርቨሩን ዳታቤዝ ይክፈቱና ኤክሴኪውሽን ሎግ 3 የተባለውን ቪው (እንደ ሰንጠረዥ የሚነበብ ዝግጁ ዕይታ) ይመልከቱ። እያንዳንዱ ሪፖርት በተከፈተ ቁጥር አንድ መስመር ይመዘገባል፤ በመስመሩም ላይ ሦስት ጊዜያት በሚሊ ሰከንድ ተለይተው ይገኛሉ፤ መረጃው ከዳታቤዝ የወጣበት፣ ሪፖርቱ መረጃውን የመደበበትና የደመረበት፣ በመጨረሻም ገጹ ለዕይታ የተዘጋጀበት ጊዜ ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ከሌሎቹ እጅግ ከበለጠ ችግሩ ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ) ወይም የኢንዴክስ (ዳታቤዙ መስመሮችን ቶሎ የሚያገኝበት ማውጫ) እጦት ነው። ሁለተኛው ከበለጠ ሪፖርቱ ሊሸከመው ከሚገባው በላይ መስመር ተጭኖበታል። ሦስተኛው ከበለጠ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰዎች ሪፖርቱን ወደ ኤክሴል ወይም ወደ ፒዲኤፍ እያወጡት ስለሆነ የገጹን አሠራር ማቅለል ይበቃል። ይህ መዝገብ ካልተቀየረ በስተቀር የሚይዘው የ60 ቀን ታሪክ ብቻ ነው፤ የኅዳርን ፍጥነት በመጋቢት ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው መስመሮቹን ቀደም ብሎ ወደ ራሱ ቴብል (ሰንጠረዥ) መገልበጥ አለበት።

ተደበቀ ማለት አልወጣም ማለት አይደለም

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመደመር ምልክቷ ከመነካቷ በፊት ደረሰኞቹ በገጹ ላይ አይታዩም፤ ስለማይታዩም ከዳታቤዝ ያልወጡ ይመስለናል። ነገር ግን በዚህ ዓይነቱ ሪፖርት ሊታይ የሚችለው መስመር ሁሉ ገና ሪፖርቱ ሲከፈት ከዳታቤዝ ይወጣል፤ የሚደበቀው ከወጣ በኋላ ነው። አንድ ቁና ጤፍ ለሚፈልግ ሰው ጎተራውን በሙሉ ገልብጦ፣ ቁናዋን ብቻ ሰጥቶ፣ የቀረውን በሰሌን መሸፈን ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ዩኒየኑ 300 ማኅበራት አሉት እንበል፤ የሚረከበው ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ባቄላ ነው፤ በዓመት 400,000 ደረሰኝ ይመዘገባል። ሪፖርቱ በተከፈተ ቁጥር 400,000 መስመር ይወጣል ማለት ነው። ይህንኑ መረጃ በማኅበር፣ በወርና በሰብል ደምረን በአንድ ማጠቃለያ ቴብል ብናስቀምጠው ግን፣ 300 ማኅበር በ13 ወር በ4 ሰብል ሲባዛ ቢበዛ 15,600 መስመር ይሆናል። ዞንና ወረዳ ከዚህ ላይ በቅጽበት ይደመራሉ። አንድ ማኅበር በአንድ ወር የሚኖረው ደረሰኝ ደግሞ በአማካይ 100 ገደማ ስለሆነ፣ ያን ለብቻው ለሚጠይቅ ሰው ማውጣት ምንም አይከብድም።

ስለዚህ ሪፖርቱን ለሁለት ይክፈሉት። የመጀመሪያው ከዞን እስከ ማኅበር የሚወርደው ነው፤ የሚያነበው ከማጠቃለያው ቴብል ብቻ ነው፤ የመደመር ምልክቶቹም ይቆዩለት። ሁለተኛው የደረሰኝ ዝርዝር ነው፤ ራሱን የቻለ ሪፖርት ሆኖ፣ ተጠቃሚው የማኅበሩን የወር ድምር ሲነካ የማኅበሩን ኮድና ወሩን ተቀብሎ ይከፈታል። ይህ ሁለተኛው አካሄድ ድሪል ስሩ ይባላል። ለተጠቃሚው ልዩነቱ እምብዛም አይሰማውም፤ ለሰርቨሩ ግን ሸክሙን ማውረድ ነው።

የሌሊቱን ቅጂ ማዘጋጀት

የመጀመሪያው ሪፖርት ለስናፕሾት የተመቸ ነው። ስናፕሾት ማለት በተወሰነ ሰዓት ኩዌሪው ተሠርቶ፣ መረጃው ከሪፖርቱ ቅርጽ ጋር በሪፖርት ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጥበት ቅጂ ነው፤ ጠዋት ሪፖርቱን የሚከፍቱ ሰዎች ሁሉ የሚያዩት ያንን ስለሆነ ዋናው ዳታቤዝ አይነካም። ለዚህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። ሌሊት የይለፍ ቃል የሚያስገባ ሰው ስለማይኖር የዳታቤዙ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል በሪፖርት ሰርቨሩ ላይ ተቀምጠው መገኘት አለባቸው፤ መብታቸውም የማንበብ ብቻ ይሁን። ኩዌሪው ፓራሜትር (እንደ ዓመት ወይም ወረዳ ያለ፣ ተጠቃሚው የሚመርጠው ዋጋ) ካለው እያንዳንዱ ፓራሜትር ነባሪ ዋጋ፣ ማለትም ማንም ሳይመርጥ የሚሠራበት ዋጋ ይፈልጋል። ቀጠሮውን የሚያስፈጽመው ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤጀንት የተባለው አገልግሎት ደግሞ ሥራ ላይ መሆን አለበት፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳም አድርገው ያስተካክሉት።

ስለ ሰዓቱ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። አብሬው በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ቅጂው «ከሌሊቱ 9 ሰዓት» እንዲዘጋጅ ተወሰነ፤ ቀጠሮውን የሞላው ባለሙያም 9:00 ብሎ ጻፈ። ሰርቨሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ሰዓት ስለሆነ 9:00 ለእርሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት በየወረዳው ሚዛኑ ተጀምሮ የደረሰኝ ምዝገባው ይጋጋላል። ከባዱ ሥራ በየቀኑ በዚያው ሰዓት እየተነሳ ምዝገባውን ሲያንቀው፣ መዝጋቢዎቹ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ ነበር፤ ገበሬውም አህያውን አስሮ ደረሰኙን ይጠብቅ ነበር። ሁሉም ጥፋቱን በኔትወርክ ላይ አደረገ። ነገሩ የታወቀው በመዝገቡ ላይ የቅጂው መነሻ ሰዓት ሲነበብ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ለሰርቨሩ 3:00 ኤኤም ነው፤ ቀጠሮውን ከሞሉ በኋላ በማግስቱ መዝገቡን ከፍተው መነሻ ሰዓቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። መጀመሪያ ማጠቃለያው ቴብል ይታደስ፤ እርሱ ሲያልቅ ስናፕሾቱ ይነሳ። ሁለቱን በተለያየ ሰዓት ከማስነሳት ይልቅ የመጀመሪያው ሥራ ሲጠናቀቅ ሁለተኛውን ራሱ እንዲጠራ ማድረግ ይሻላል፤ አለበለዚያ ማጠቃለያው በዘገየበት ሌሊት ቅጂው የተነሳው ከአሮጌ መረጃ ላይ ይሆናል፤ ይህንንም ማንም አያውቅም።

መብራት በሌሊት ሊጠፋ ይችላል። ሰርቨሩ ጠፍቶ ያደረ እንደሆነ ቅጂው የትናንት ወዲያው ሆኖ ይቀራል፤ ሪፖርቱ ግን እንደ ወትሮው በፍጥነት ስለሚከፈት አንባቢው አይጠረጥርም። ስለዚህ ከሪፖርቱ ርዕስ ሥር «ይህ መረጃ የተዘጋጀው በ...» የሚል መስመር ያስገቡ፤ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በእኛ አነጋገር ይጻፉት። ሪፖርቲንግ ሰርቪስስ የሪፖርቱን የተሠራበትን ጊዜ በራሱ ስለሚይዝ፣ በስናፕሾት ላይ ይህ ጊዜ ቅጂው የተነሳበት ነው። ከ24 ሰዓት በላይ ካለፈው መስመሩ በቀይ እንዲጻፍ ማድረግም አንድ አጭር ቀመር ብቻ ይፈልጋል። ያለዚህ መስመር ማንኛውም ቅጂ ለሥራ እንዲውል አልፈቅድም፤ በአሮጌ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ መኪና የሚልክ ሰው ጉዳቱ ከዘገየ ሪፖርት ይብሳልና።

ማጣሪያው የት ይቀመጥ?

በሪፖርት ላይ መረጃ የሚጣራባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ኩዌሪው ውስጥ ነው፤ ዳታቤዙ የተጠየቀውን ብቻ መርጦ ይልካል። ሌላው ሪፖርቱ ውስጥ ነው፤ መረጃው በሙሉ ከመጣ በኋላ የማይፈለገው ይጣላል። በስናፕሾት ለማይሠራ ሪፖርት ምርጫው ግልጽ ነው፤ ሁልጊዜ ኩዌሪው ውስጥ ይጣራ። በስናፕሾት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ቅጂው ከተነሳ በኋላ ኩዌሪው ዳግመኛ ስለማይሠራ፣ ኩዌሪው ውስጥ የገባ ፓራሜትር ቅጂው በተነሳበት ዋጋ ላይ ይታሰራል፤ ተጠቃሚው ሊቀይረው አይችልም። ሪፖርቱ ውስጥ ያለ ማጣሪያ የሚጠቀምበት ፓራሜትር ግን በተቀመጠው ቅጂ ላይ ስለሚሠራ እንደልብ ይቀየራል።

ከዚህ ተነሥተን እንዲህ እናከፋፍለው። በመጀመሪያው ሪፖርት ላይ የበጀት ዓመቱ ብቻ ኩዌሪው ውስጥ ይግባ፤ ነባሪ ዋጋውም የያዝነው ዓመት ይሁን። ወረዳ፣ ሰብልና ወር ግን የሪፖርቱ ማጣሪያዎች ይሁኑ። የቡሬ ኃላፊ ቡሬን፣ የእነማይ ኃላፊ እነማይን መርጠው ከአንዱ ቅጂ ላይ ሁሉም የየራሳቸውን ያያሉ። ይህ አሠራር የሚያዋጣው ቅጂው 15,600 መስመር ብቻ ስለሆነ ነው፤ 400,000 መስመር ባለበት ቅጂ ላይ ማጣራት መዘግየቱን ከዳታቤዙ አንሥቶ ሪፖርት ሰርቨሩ ላይ መጫን ይሆናል። በሁለተኛው፣ በደረሰኝ ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ማኅበሩም ወሩም ኩዌሪው ውስጥ ይግቡ፤ በማኅበር ኮድና በርክክብ ቀን ላይ የተሠራ አንድ ኢንዴክስም ያዘጋጁለት።

ኢንዴክስ ኖሮም የማይጠቅምበት ጊዜ አለ፤ በእኛ አገር ዳታቤዞች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ምክንያት የዘመን አቆጣጠር ነው። ቀኑ በዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተቀምጧል፤ ተጠቃሚው የሚጠይቀው «ጥር 2016» ብሎ ነው። ፕሮግራመሩ ቀን የሚቀይር ፈንክሽን ይጽፍና ኩዌሪው ውስጥ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ቀን ላይ ያስሮጠዋል። ውጤቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዳታቤዙ 400,000 ቀኖችን አንድ በአንድ ሳይቀይር የትኛው ጥር እንደሆነ ማወቅ ስለማይችል ኢንዴክሱ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል።

መፍትሔው ደረሰኞቹን ትቶ የወሩን ድንበር መቀየር ነው። አንድ የቀን ቴብል ያዘጋጁ፤ እያንዳንዱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከነወሩ፣ ከነዓመቱና ከነበጀት ዓመቱ ይጻፍበት። ተጠቃሚው ጥርን ሲመርጥ ከዚህ ቴብል የጥር 1ና የየካቲት 1 የፈረንጅ ቀኖች ይነበባሉ፤ ኩዌሪውም ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሁለተኛው በፊት ያለውን ብቻ ይጠይቃል። «ከየካቲት 1 በፊት» ማለት «እስከ ጥር 30» ከማለት ይሻላል፤ የርክክብ ቀኑ ሰዓትም ከያዘ በጥር 30 ከሰዓት በኋላ የተመዘገበው በሁለተኛው አነጋገር ሊቀር ይችላል።

ቴብሉን ሲሞሉ ቋሚ ልዩነት እየደመሩ አይሂዱ። የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ሐምሌ 1 በዘመናችን ሁልጊዜ በጁላይ 8 ይውላል፤ መስከረም 1 ግን አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር 11 ውሎ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሴፕቴምበር 12 ይውላል። የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 እንደነበረ ያስታውሱ። በዚያ ዓመት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ በቋሚ ልዩነት የሠራ ሪፖርት ሁሉ የወሩን የመጨረሻ ቀን ወደሚቀጥለው ወር ያስገባ ነበር። ጳጉሜንንም እንደ 13ኛ ወር ይቁጠሯት፤ በማጠቃለያው ላይ ከነሐሴ ጋር የሚደርቧት ከሆነ ደግሞ ያንኑ በሪፖርቱ ላይ ይጻፉ።

ሌላው ወጥመድ ስም ነው። አንዱ መዝጋቢ ፍኖተ ሰላምን በእሳቱ ሰ፣ ሌላው በንጉሡ ሠ ይጽፈዋል፤ ጃቢ ጠህናንን አንዱ ለያይቶ፣ ሌላው አያይዞ ይጽፈዋል። ለእኛ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለዳታቤዙ ግን የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ በስም የሚያጣራ ሪፖርት ግማሹን ያጎድላል። በተቃራኒው ደግሞ ቡሬ ሲባል ከተማውም ዙሪያውም ሊሆን ስለሚችል፣ በስም ብቻ የተያያዙ ቴብሎች የአንዱን ኩንታል ከሌላው ይቀላቅሉታል፤ አንዳንዴም እጥፍ ያደርጉታል። ወረዳም ማኅበርም ኮድ ይኑራቸው፤ ማጣሪያው በኮዱ ይሥራ፤ ስሙ ከአንድ ቴብል ብቻ ለዕይታ ይምጣ። ቁጥርን ከቁጥር ማነጻጸር ከረጅም የአማርኛ ስም ይልቅ ለዳታቤዙ ይቀላል።

ለደረሰኝ ዝርዝሩ ስናፕሾት አያስፈልገውም፤ ካሽ፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ የሚቀመጥ ቅጂ ይበቃዋል። ካሽ የሚዘጋጀው መጀመሪያ የከፈተው ሰው በጠየቀው ጊዜ ነው፤ ለእያንዳንዱ የማኅበርና የወር ምርጫ የራሱ ቅጂ ይኖረዋል፤ የተወሰነለት ጊዜ ሲያልፍም ይጠፋል። 30 ደቂቃ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በስብሰባ ላይ አምስት ሰዎች አንዱን ማኅበር ተከታትለው ቢከፍቱት ዳታቤዙ የሚጠየቀው አንድ ጊዜ ነው። በፖስትግሬስ ዳታቤዝ የሚሠሩ ማጠቃለያውን በማቴሪያላይዝድ ቪው (ውጤቱ ተሠርቶ በሚቀመጥ ቪው) ሊያዘጋጁት ይችላሉ፤ ይህ ከ9.3 ቨርዥን ጀምሮ ያለ ነው፤ አንባቢዎችን ሳያግዱ ማደስ ደግሞ ከ9.4 ጀምሮ ይቻላል፤ ለዚህም ቪው ላይ የማይደገም ኢንዴክስ መኖር ግድ ነው። በማይኤስኪውኤል ይህ ስለሌለ ተራ ቴብል ሠርቶ በቀጠሮ መሙላት ይበቃል።

ቅጂ የማይገባበት ቦታ

የመጋዘን ቀሪን በሌሊት ቅጂ አያሳዩ። በማዳበሪያ ሥርጭት ጊዜ የዩሪያና የኤንፒኤስ ቀሪ በየሰዓቱ ይለወጣል፤ ጠዋት ላይ 200 ኩንታል ያለው መጋዘን እስከ ቀትር ባዶ ሊሆን ይችላል። ማዘዣ የሚጽፈው ሰው የትናንቱን ቀሪ እያየ ቢጽፍ፣ ከሩቅ ቀበሌ አህያ ነድቶ የመጣው ገበሬ ወረቀቱን ይዞ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ ሪፖርት በቀጥታ ከዳታቤዙ ይነበብ፤ የአንድ መጋዘን ቀሪ ጥቂት መስመር ስለሆነ በኢንዴክስ ብቻ ፈጣን ይሆናል።

የመብት ጉዳይም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በአንድ ቅጂ ውስጥ የሁሉም ወረዳ መረጃ አለ፤ የተደበቀው መስመር ወደ ኤክሴል ሲወጣ አብሮ ይሄዳል፤ ታጥፎ ይቀመጣል እንጂ አይቀርም። አንዱ ወረዳ የሌላውን ማየት የሌለበት ከሆነ ማጣሪያና መደበቂያ አይበቁም፤ ለየወረዳው የተለየ ሪፖርት ያዘጋጁ።

ዘግይቶ የሚመጣው ደረሰኝ

ማጠቃለያውን በየሌሊቱ ከመነሻው መሥራት ከከበደ የተለወጠውን ብቻ ማደስ ይቻላል፤ «የተለወጠው» የሚለው ግን በጥንቃቄ ይተርጎም። ኔትወርክ በማይደርስባቸው፣ ለምሳሌ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርዱ ቀበሌዎች፣ ደረሰኙ በወረቀት ተቆርጦ ጥራዙ ከቀናት በኋላ ወደ ወረዳው ከተማ ይመጣል። በጥር 12 የተቆረጠ ደረሰኝ በየካቲት 3 ይመዘገባል እንበል። ማደሻው የርክክብ ቀንን እያየ «የትናንቱን ብቻ» የሚወስድ ከሆነ ይህ ደረሰኝ በዋናው ቴብል ላይ አለ፤ በማጠቃለያው ላይ ግን መቼም አይገባም። የጥር ድምር ከደረሰኞቹ ጋር አይገጥምም፤ ሒሳብ ሹሙና የመረጃ ባለሙያው ይካሰሳሉ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ደረሰኝ ከርክክቡ ቀን ሌላ የተመዘገበበትና የታረመበት ጊዜ ይኑረው። የተሰረዘ ደረሰኝም ከቴብሉ አይጥፋ፤ ተሰርዟል የሚል ምልክት ተደርጎበት የታረመበት ጊዜ ይለወጥ። ማደሻው ካለፈው እድሳት ወዲህ የተመዘገቡትንና የታረሙትን ደረሰኞች ፈልጎ፣ የየትኛው ማኅበርና የየትኛው ወር እንደሆኑ ለይቶ፣ የዚያን ማኅበር የዚያን ወር ድምር በሙሉ ሰርዞ እንደ አዲስ ይደምር። ከላይ ባለው ምሳሌ በየካቲት 3 ሌሊት የሚታደሰው የዚያ ማኅበር የጥር ድምር ነው ማለት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሑድ ሌሊት፣ የበጀት ዓመቱ ማጠቃለያ ከመነሻው ተሠርቶ ከነበረው ጋር ይነጻጸር፤ የተለያየ መስመር ከተገኘም የማኅበሩ ኮድ፣ ወሩና የሁለቱ ድምሮች ልዩነት በአንድ ቴብል ተጽፎ ሰኞ ጠዋት ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ይገኝ።